መብራቱ በሳምንቱ ሲመለስ፦ ያገለገለ መኪናና ዲለሩ

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኞቻችሁ መኪናውን ገዝታችሁ የጨረሳችሁ ስለሆናችሁ፣ መኪና እንዴት ይመረጣል የሚለውን ዛሬ እንዝለለው። የምንነጋገረው ከፊርማው በኋላ ስለሚመጣው ነው። ቼክ ኢንጂኑ፣ ማለትም ሞተሩ ችግር አለው የሚለው መብራት፣ ይበራል፣ መኪናውን ወደ ሸጠላችሁ ዲለር ትመልሳላችሁ፣ "ተሠርቷል" ተብላችሁ ቁልፍ ትቀበላላችሁ፣ በሳምንቱ ያው መብራት ይበራል። በሦስተኛው ጊዜ ሴልስማኑ ስልክ ማንሳት ያቆማል፤ ሰርቪስ ያሉት ደግሞ "እኛ ስንነዳው ምንም የለውም" ይላሉ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ በጩኸትም በልመናም አያልቅም። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መኪናው የተገዛው ከፖቶማክ ወንዝ በየትኛው ወገን ነው (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ)፣ ጋራዥ በገባ ቁጥርስ ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ግን መሠረቱን ለመያዝ ከወንዙ እንነሳ።

ወንዝ ተሻግሮ መኪና መግዛት ለኛ ሰው የተለመደ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ዋጋው ቀነስ ይላል ብሎ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ማናሳስ ይሄዳል። በአብዛኛው የሚሠራው መኪናው የተሸጠበት ቦታ ሕግ እንጂ የመኖሪያችሁ ሕግ አይደለም፤ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ዲለር ያገለገለ መኪና "አዝ ኢዝ"፣ ማለትም ከነጉድለቱ፣ መሸጥ ይችላል። እንዲህ ሲሸጥ "ከገዛሁ በኋላ ዲለሩ ምንም ነገር የመጠገን ግዴታ የለበትም፣ የጥገናው ወጪ የእኔ ነው" የሚል ጽሑፍ ላይ ለብቻው ትፈርማላችሁ። ብዙ ሰው ይህን የሚፈርመው ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ተደርድሮ ሲመጣለት፣ ሳያነበው ነው። ዲሲ ውስጥ ዲለር ለተራ ሸማች አዝ ኢዝ መሸጥ አይችልም። ሜሪላንድ መሃል ላይ ነች፦ አዝ ኢዝ የሚፈቀደው መኪናው ከ6 ዓመት በላይ የሆነውና ከ60,000 ማይል በላይ የሄደ ከሆነ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ዕድሜው 8 ዓመት ሆኖ 48,000 ማይል ብቻ የሄደ መኪና ሜሪላንድ ውስጥ ከነጉድለቱ ተቀበለኝ ተብሎ አይሸጥም።

አዝ ኢዝ ካልሆነ፣ ዲለሩ አንድ ቃል ባይጽፍም ሕጉ ራሱ የሚሰጣችሁ ዋስትና አለ። መኪናው ለዕድሜውና ለዋጋው በሚመጥን መጠን ለተራ መንዳት መብቃት አለበት ይላል። የ9 ዓመት መኪና ወንበሩ ተላጠ ብሎ መክሰስ አያዋጣም። ካምቢዮው በሁለተኛው ሳምንት ማርሽ አልይዝ ካለ ግን ያ መኪና ለመንዳት የበቃ አልነበረም።

የትኛው ውስጥ እንዳላችሁ የሚነግራችሁ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው "ባየርስ ጋይድ" የሚባል ወረቀት ነው። ከ1985 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ ከ5 በላይ ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጥ ዲለር ሁሉ ይለጥፋል፣ ስትገዙም ይሰጣችኋል። የውሉ አካል ነው፤ ውሉ ውስጥ ካለው ተቃራኒ ነገር ጋር ቢጋጭ የሚጸናው ባየርስ ጋይዱ ነው። ስለዚህ እቤት ስትገቡ ፋይሉን ከፍታችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ዋስትና ይሰጣል የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን መቶኛ እዩ። "50 በመቶ እጅ ዋጋ፣ 50 በመቶ ዕቃ" የሚል በጣም የተለመደ ነው። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው፦ ጥገናው በራሱ ጋራዥ ብቻ እንዲሠራ ይጠይቃል፣ ውጭ በ600 ዶላር የሚያልቀውን ሥራ 1,200 ይላል፣ ግማሹን "ሸፈንኩልህ" ይላችኋል። ዋስትናው ላይ የከፈላችሁት ሙሉውን የገበያ ዋጋ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ከመስማማታችሁ በፊት ለዚያው ሥራ ከሌላ ጋራዥ የጽሑፍ ዋጋ ማምጣት ነው።

የሦስት ቀን መመለሻ አለ የሚባለውን እርሱት። ዲለር ግቢ ገብቶ ለተገዛ መኪና የሚሠራ እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም፤ አንዳንድ ዲለር በራሱ ፈቃድ የመመለሻ ቀን ይሰጣል፣ እሱም ከተጻፈ ብቻ ነው።

ቨርጂኒያ አዝ ኢዝ ፈርመናል የምትሉ ገና ተስፋ አትቁረጡ። አዝ ኢዝ የዋስትናን በር ይዘጋል እንጂ ውሸትን ሕጋዊ አያደርግም። ማስታወቂያው "አደጋ ያልደረሰበት" ብሎ መኪናው ተገጭቶ የተጠገነ ከሆነ፣ ወይም ሴልስማኑ በቴክስት "ካምቢዮው አዲስ ነው" ብሎ ከሆነ፣ የቨርጂኒያ የሸማቾች ሕግ የደረሰውን ጉዳት ወይም 500 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያስከፍላል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ ሦስት እጥፍ ወይም 1,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የማስታወቂያውን ፎቶ ዛሬ ማታ አንሱ፣ ነገ ከድረ ገጹ ይወርዳል። በአማርኛ የተገባላችሁ ቃልም ቢሆን ቃል ነው፣ ግን ማስረጃ የሚሆነው ቴክስት ላይ ሲሰፍር ነው። ወገን ስለሆነ ብላችሁ አፍ ለአፍ የጨረሳችሁት "ጎማውን እቀይርልሃለሁ፣ ፍሬኑን አሠራልሃለሁ" የሚለው ሁሉ "ዊ ኦው" በሚባለው፣ ዲለሩ ሊሠራላችሁ ቃል የገባው በሚዘረዘርበት ወረቀት ላይ ካልተጻፈ በኋላ የሚያስታውሰው አታገኙም።

ሌላም ቀዳዳ አለ። በ1975 የወጣ የፌዴራል የዋስትና ሕግ፣ ሻጩ ራሱ የጽሑፍ ዋስትና ከሰጠ፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ ራሱ የሚገባበትን የሰርቪስ ኮንትራት (ለወደፊት ጥገና ለብቻው የሚከፈልበት ውል) ከሸጠ፣ ያልተጻፈውን ዋስትና በአዝ ኢዝ መሰረዝ አይችልም ይላል። "ራሱ የሚገባበትን" የሚለው ላይ አስምሩ። ዲለሩ የሌላ ድርጅት ኮንትራት ደላላ ሆኖ ብቻ ከሸጠ ክርክሩ ይጠባል። ስለዚህ የሰርቪስ ኮንትራታችሁ ላይ ባለዕዳ ሆኖ የተጻፈው ማን እንደሆነ እዩ፦ ዲለሩ ነው ወይስ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ሌላ ድርጅት?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ ጋራዡ ወረቀት። አሜሪካኖቹ "ሪፔር ኦርደር" ይሉታል። ጥሩ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አለ፦ ደንበኛው ምን አለ፣ ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ተደረገ። ከዚያ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ሲገባና ሲወጣ የነበረው ማይል፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገባቸው የብልሽት ኮዶች፣ የተቀየረው ዕቃ ቁጥር። ዲለሮች በነጻ ሲሠሩ ይህን ወረቀት መስጠት አይወዱም። "ነጻ ስለሆነ ደረሰኝ የለውም" ይላሉ። የዜሮ ዶላር ወረቀት ጠይቁ፣ ሳትይዙ ቁልፍ አትቀበሉ። አራት ጊዜ የተመላለሰ መኪና አንድም ወረቀት ከሌለው፣ ዳኛ ፊት አንድም ጊዜ አልተመለሰም።

እምቢ ካሏችሁ እዚያው ፓርኪንግ ቆማችሁ ለሰርቪስ ማኔጀሩ ኢሜይል ላኩ፦ "ዛሬ በዚህ ቀን፣ በ71,340 ማይል፣ በዚህ ችግር አስገብቼው ነበር፤ ይህን አደረግን ብላችሁ መለሳችሁልኝ፤ ወረቀት ጠይቄ አልተሰጠኝም።" አጭር፣ ያለ ስድብ።

የደንበኛው ቃል የሚለው ሳጥን የእናንተ ነው፣ ለሰርቪስ ጸሐፊው አትተዉት። "መኪናው ይንገጫገጫል" ብላችሁ ከነገራችሁት "ደንበኛው ንዝረት አለ ይላል" ብሎ ይጽፋል፣ መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ "አልተገኘም" ይላል። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦ "ሞተሩ ሞቆ ከ30 ደቂቃ መንዳት በኋላ፣ 40 ማይል አካባቢ ማርሽ ሲቀይር ይመታል፤ አርፒኤም ከ1,800 ወደ 3,000 ይዘላል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም።" አርፒኤም ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። ይህ መካኒኩን የሚይዝ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀዝቃዛ መኪና አስነስቶ ለአሥር ደቂቃ ዞሮ "ምንም የለውም" ቢል፣ የተባለውን እንዳልሞከረ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጽ፤ አርፒኤሙ ሲዘል የሚታይበት የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ከአንድ ሰዓት ማብራሪያ ይበልጣል።

በተቃራኒው ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ የሚታይ ብልሽት ከሆነ፣ መኪናውን ማታ አስገብታችሁ አሳድሩትና ጠዋት መካኒኩ ሲያስነሳው አብራችሁ ቁሙ። ባትሪ ሌሊቱን የሚያልቅበት መኪናም እንዲሁ ማደር አለበት። መኪና ተቆልፎ ሲቆም ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ከተኙ በኋላ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መሆን አለበት። ሳይጠብቁ የለካ መካኒክ የሚያገኘው ቁጥር ትርጉም የለውም፣ የሚያደርገውም ባትሪ መቀየር ነው። ሁለት ባትሪ ከቀየሩላችሁ በኋላ ችግሩ ካለ፣ ሚሊ አምፔሩ ስንት ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ካልለኩ መልስ አይኖራቸውም።

አሁን መብራቱ ለምን "በሳምንቱ" እንደሚመለስ በአንድ ምሳሌ እንየው፤ ፒ 0420 የሚባለው ኮድ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የሞተሩን ጭስ የሚያጣራው ነው። ከፊቱ አንድ፣ ከኋላው አንድ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። የፊተኛው ንባብ ይወዛወዛል፤ ኮንቨርተሩ ሥራውን ከሠራ የኋለኛው የረጋ ይሆናል። የኋለኛው እንደ ፊተኛው መወዛወዝ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ኮንቨርተሩ ደክሟል ብሎ ኮዱን ይመዘግባል። ይህን የሚመረምረው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሞተሩ መሞቅ፣ መኪናው ለተወሰነ ጊዜ በተመሳሳይ ፍጥነት መሄድ አለበት፤ በአብዛኛውም ጉድለቱን በሁለት ተከታታይ ጉዞ ላይ ካላየ መብራት አያበራም። ስለዚህ ዲለሩ በስካነር ኮዱን አጥፍቶ ሲሰጣችሁ መብራቱ የጠፋው መኪናው ስለዳነ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ምርመራውን ከዜሮ ስለጀመረ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ስትመላለሱ ሰንብታችሁ ቅዳሜ 95 አውራ ጎዳና ላይ ስትወጡ ምርመራው ያልቃል፣ መብራቱ ይመጣል።

ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው በታች የኮምፒውተሩ ኮዶች የሚነበቡበት ኦቢዲ መሰኪያ አለው፤ በ20 እና በ30 ዶላር መካከል የሚገዛ የብሉቱዝ ማንበቢያ ከስልካችሁ ጋር ይሠራል። መኪናውን ተቀብላችሁ ገና ከግቢው ሳትወጡ ሦስት ነገር እዩበት። አንደኛ፣ የራስ ምርመራዎቹ "ተጠናቋል" ይላሉ ወይስ "አልተጠናቀቀም"? ብዙዎቹ ካልተጠናቀቁ ኮዱ በቅርብ ተጠርጓል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ሁለተኛ፣ "ኮዱ ከተጠረገ ወዲህ የተሄደው ርቀት" የሚል ንባብ አለ። ካምቢዮ ፈትተው ሠርተው ከተማ ዙረው ሞክረውታል የተባለ መኪና ላይ 1 ማይል ካለ፣ ሞክረውት አያውቁም። ሦስተኛ፣ ከ2010 ሞዴል ወዲህ ባሉ መኪናዎች ላይ በስካነር የማይጠፋ "ቋሚ ኮድ" አለ፤ መኪናው ራሱ ድኛለሁ ብሎ እስኪያረጋግጥ ይቀመጣል። የሦስቱንም የስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑና ማይሉ ይታይ። መኪና ከመግዛታችሁም በፊት ይህ ማንበቢያ ኪስ ውስጥ ቢኖር አይከፋም፤ ጧት ኮዱ ተጠርጎ ከሰዓት የሚሸጥ መኪና ብዙ ነው።

ፒ 0420 ላይ ሌላም ነገር አለ። ኮንቨርተር በራሱ ጊዜ አርጅቶ የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚገድለው ሌላ ነው። ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ወይም ካንዴላው በሚገባ አያቀጣጥልም፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ኮንቨርተሩ ይሄዳል። ርካሽ ኮንቨርተር ቀይሮ የሰጣችሁ ሰው ምክንያቱን ካልነካ አዲሱም በወራት ውስጥ ይሞታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የኋለኛውን ሴንሰር በማራቂያ ብሎን ከጭሱ አርቆ ኮምፒውተሩን ማታለል ነው፤ ይህን ካያችሁ ሳትነኩት በሌላ መካኒክ አስጽፉ።

የራዲያተር ውሃ የሚያንስበት መኪናም እንዲሁ በምክንያት ይጠየቅ። "ውሃ ሞላንበት" ጥገና አይደለም። የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በገላው መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠሉን የሚያሳይ ቀላል ምርመራ አለ፦ ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ የሞተር ጋዝ ውሃው ውስጥ ከገባ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ ተደርጎ ውጤቱ ይጻፍ። ሳይደረግ ቴርሞስታት፣ ከዚያ ራዲያተር፣ ከዚያ የውሃ ፓምፕ እየተቀየረ ሦስት ወር ሲያልፍ የሚያልቀው የዋስትናችሁ ቀን ነው።

ቀኑን ካነሳን፣ 30 ቀን ወይም 1,000 ማይል የሚል ዋስትና ካላችሁ፣ በ28ኛው ቀን የተነገረና ያልዳነ ችግር ቀኑ ስላለፈ አይሞትም፤ በዋስትናው ጊዜ መነገሩ በጽሑፍ እስከታየ ድረስ መጠገን ግዴታው ነው። ወረቀት ወረቀት የምንለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አንዳንዱ ጥገና የሸጠላችሁ ዲለር ጉዳይ ጭራሽ አለመሆኑን ነው። የፌዴራል የጭስ ሕግ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩንና የሞተሩን ኮምፒውተር ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል በአምራቹ ዋስትና ሥር ያስቀምጣል፣ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ዋስትናው መኪናውን እንጂ ባለቤቱን አይከተልም። ስለዚህ የ5 ዓመት መኪና በ70,000 ማይል ፒ 0420 ካወጣ፣ ኮንቨርተሩ ጉድለት ያለበት ሆኖ ከተገኘ የአምራቹ ወኪል በነጻ ይቀይረዋል። ያገለገለ መኪና ነጋዴው ርካሹን ከገጠመባችሁ በኋላ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ዋናው ዕቃ ከመነቀሉ በፊት ወደ ወኪሉ ሂዱ።

የቶዮታ ሀይብሪድ የምትነዱ፣ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ዋናው ባትሪ ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል ዋስትና አለው፣ ሁለተኛ ባለቤት ብትሆኑም። በተቃራኒው ሃዩንዳይና ኪያ ታዋቂ የሆኑበት የ10 ዓመት፣ 100,000 ማይል የሞተርና ካምቢዮ ዋስትና ለመጀመሪያ ባለቤት ነው፤ በአምራቹ ተረጋግጦ ካልተሸጠላችሁ ለናንተ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሆናል። ሴልስማን ይህን ሲያቀላቅል ብዙ ይሰማል። ሪኮልም፣ ማለትም አምራቹ ለደኅንነት ጉድለት መኪና መልሶ የሚጠራበት፣ አለ፦ በፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የቪን ቁጥራችሁን፣ ማለትም የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ አስገቡ፤ ከተገኘ የአምራቹ ወኪል በነጻ ይሠራል፣ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ እስከ 15 ዓመት ድረስ። እዚያው ገጽ ላይ አምራቹ ለመካኒኮች የላካቸው የታወቁ ብልሽቶች ማስታወሻም ይገኛል። የእናንተ መኪና ሕመም እዚያ ተጽፎ ካገኛችሁት አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ "እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም" የሚለው መልስ እዚያ ላይ ያበቃል።

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ፣ ይህ ለእናንተ ነው። የሰርቪስ ኮንትራቶች ብዙዎቹ ለንግድ የሚሠራ መኪናን አንሸፍንም ይላሉ፣ ኡበርንም በስም የሚጠቅሱ አሉ። ማይሉ በወር 4,000 ሲጨምር ደግሞ ሳትነግሯቸው ያውቁታል። የሸማቾች ሕጎችም ብዙዎቹ ለግልና ለቤተሰብ የተገዛን ዕቃ ነው የሚጠብቁት። የ1975ቱ የፌዴራል ሕግ ዕቃው በተለምዶ ለግል አገልግሎት የሚውል ዓይነት ነው ወይ ብሎ ስለሚያይ ለመኪና ይሻላል። በተረፈ ግን ፎርም ላይ "ለግል" ብላችሁ ፈርማችሁ በማግሥቱ ሥራ ላይ ማሰማራት ኋላ ራሳችሁ ላይ የሚጠቀስ ወረቀት ነው።

ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ካልዳነ ከሰርቪሱ ጋር መነጋገር ይብቃ። ከውጭ ፈቃድ ያለው፣ ከዲለሩ ጋር ንክኪ የሌለው መካኒክ ይመርምረው፤ ችግሩን፣ ምክንያቱን፣ የሚፈጀውን ገንዘብ፣ ከተቻለም መኪናው ሲሸጥ ችግሩ የነበረ መሆን አለመሆኑን በፊርማው ይጻፍ። እንዲጠግነው አትፍቀዱ፤ የተፈታ ማስረጃ ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ ለባለቤቱ ወይም ለጄኔራል ማኔጀሩ ደብዳቤ፣ ፊርማ ተቀብሎ በሚመለስ ሪኮማንዴ። ሴልስማኑን እለፉት፣ እሱ ኮሚሽኑን ወስዷል። ደብዳቤው ላይ የተገዛበት ቀን፣ ቪን፣ ዋጋ፣ የገባባቸው ቀናትና ማይሎች፣ የመካኒኩ ግኝት፣ የምትጠይቁት አንድ ነገር፣ እና የ10 ቀን ገደብ ይኑር። "ወይ ጠግኑ ወይ ገንዘቤን መልሱ ወይ ሌላ መኪና ስጡ" አትበሉ፤ የሚቀላቸውን መርጠው ሦስት ወር ያጓትቷችኋል።

ሕጉ ገዢው ጉድለቱን በተገቢ ጊዜ ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፣ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። መኪናውን መልሼ ውሉን አፈርሳለሁ ካላችሁ ደግሞ በጽሑፍ አሳውቃችሁ መንዳት አቁሙ። አልፈልገውም ብሎ 6,000 ማይል የነዳ ሰው ክርክሩን ራሱ አዳክሟል። መኪናውን ዲለሩ ግቢ ጥሎ መሄድ ግን መመለስ አይደለም፤ ባንኩ ባለዕዳ የሚያውቀው እናንተን ነው።

ስለ ባንኩ፦ ፋይናንሱ በዲለሩ በኩል ከተገኘ፣ ውሉ ላይ "ይህን ውል የያዘ ሁሉ ገዢው በሻጩ ላይ ያለው ክርክር ይመለከተዋል" የሚል በፌዴራል ደንብ የሚገባ አንቀጽ ፈልጉ። ዲለሩ ሱቅ ዘግቶ ቢጠፋ እንኳ ባንኩን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጣሪያው በዚያ ውል የከፈላችሁት ገንዘብ ነው። ከራሳችሁ ክሬዲት ዩኒየን ሄዳችሁ የተበደራችሁት ብድር ላይ ይህ የለም። የደብዳቤውን ግልባጭ ለባንኩ ላኩ። ክፍያ ግን አታቋርጡ፤ መኪናው ሌሊት ተጎትቶ ከሄደ ክሱም ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

10 ቀኑ ካለፈ አቤቱታ። ሜሪላንድ የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ የሸማቾች ክፍል በነጻ ያደራድራል። ቨርጂኒያ የዲለሮችን ፈቃድ የሚቆጣጠር የራሱ ቦርድ አለ፤ ፈቃዱ የሚነካበት ዲለር ከሚከሰስ ዲለር በላይ ይደነግጣል። ዲሲ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ጋ ነው፤ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረትም በአማርኛ መስተናገድ መብታችሁ ስለሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። የትንሽ ገንዘብ ፍርድ ቤት ጣሪያው ዲሲ 10,000፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ 5,000 ዶላር ነው። የቨርጂኒያው ያለ ጠበቃ የሚታይ ነው፣ ዲለሩ ግን ወደ መደበኛው ችሎት ማዛወር ይችላል። ከመክሰሳችሁ በፊት ውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ መኖሩን እዩ፤ ትንሽ ክሶችን ነጻ የሚተው አንዳንድ አለ። ዲሲ ደግሞ በሸማቾች ሕግ ካሸነፋችሁ ለአንድ ጥሰት ሦስት እጥፍ ጉዳት ወይም 1,500 ዶላር፣ የሚበልጠው ነው፤ ጠበቆች እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዙት ለዚህ ነው። በመሃል ሜሪላንድ ሆናችሁ ስልክ በድብቅ አትቅረጹ። እዚያ ሁለቱም ወገን ካልፈቀደ ወንጀል ነው፤ ዲሲና ቨርጂኒያ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል።

ደብዳቤው ሲደርሳቸው ብዙ ጊዜ የሚመጣው "ሌላ መኪና እንቀይርልህ" የሚል ስልክ ነው። ደግነት ይመስላል፤ ቁጥሩን ግን አስሉት። ዕዳችሁ 14,000 ከሆነና የመለሳችሁትን መኪና በ9,000 ከያዙት፣ 5,000 ዶላሩ አዲሱ ብድር ላይ ተለጥፏል። የአዲሱ መኪና ዋጋ 12,000 ከሆነ በ12,000 መኪና ላይ 17,000 ዕዳ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ስለ አሮጌው መኪና ያላችሁን ክርክር ሁሉ የሚሰርዝ ወረቀትም ፈርማችሁ። ቅያሬ ከሆነ በከፈላችሁበት ዋጋ ይመለስ፣ አሮጌው ብድር ይዘጋ፣ አዲሱ ለብቻው ይጻፍ።

ገንዘብ ለመመለስ ከተስማሙ የስምምነቱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ዳውን ፔይመንቱ፣ የተከፈለው ወርሃዊ፣ የሽያጭ ታክሱ፣ የታርጋና የታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ክፍያው፣ የሰርቪስ ኮንትራቱ ተመላሽ፣ የውጭ መካኒኩ ዋጋና የመጎተቻው፣ እያንዳንዱ ለብቻው በቁጥር ይጻፍ። ብድሩን ማን በየትኛው ቀን እንደሚዘጋው፣ ክሬዲት ሪፖርት ላይም ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ ይጻፍ። ታርጋውን ፍቱ፣ ኢንሹራንሱን ግን ታይትሉ ከስማችሁ መውጣቱ ሳይረጋገጥ አትሰርዙ። ወርሃዊውንም ባንኩ "ዜሮ ቀሪ" የሚል ደብዳቤ እስኪልክላችሁ ክፈሉ፤ በትርፍ የከፈላችሁትን ባንኩ ይመልሳል፣ ዲለሩ እዘጋዋለሁ ብሎ ያዘገየውን አንድ ወር ግን ክሬዲታችሁ ላይ የሚያገኘው እናንተን ነው።